ስሙ አልተፈታም

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤ ቤርሼባ፣ ምድር ቤት፤
ውጭ የሐምሌ ወበቅ፣ እዚህ ብርድ እንደ ጥቅምት።
አርባ ማሽን በተርታ፣ አርባ ባዶ ሆድ፣
ሊኑክስ ሊጫንባቸው ያለ ሰው እጅ፣ በገዛ ራሱ መንገድ።
«ተነሱ፤ የጎደላችሁን ከመረቡ ጠይቁ፤
የመልስ ፋይሉ ይመራችኋል፣ እኔን አትጠብቁ»
ብዬ፣ ሹራቤን ደርቤ፣ ወንበሬ ላይ ጋደም ስል፣
አርባውም ቀይ ለበሱ፤ አርባውም በአንድ ቃል፦
«ስሙ አልተፈታም።»

መጀመሪያ ገመድ ነካካሁ፤ ሰው ሲጨንቀው ገመድ ይነካካል።
ገመዱ ደህና ነው፤ አረንጓዴው መብራት ይጠቅሰኛል።
አድራሻ ደርሷቸዋል? ደርሷቸዋል፤ ለየራሳቸው ቁጥር።
በረኛውን ራውተር ጠራሁት፤ «አለሁ» አለኝ፣ ሳይውል ሳያድር።
ሩቁን ማከማቻ፣ ፕሮግራሙ ሁሉ የሚቀዳበትን፣
በቁጥሩ ብጠራው መለሰ፣ ዓይን ሳይጨፈን።
በስሙ ብጠራው ግን፣
ዝም።

ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ።
በመጣን በሳምንቱ፣ መቀበያው ጣቢያ፣
ጸሐፊዋ ቀና ሳትል፣ ከብረት ጠረጴዛ ወዲያ፣
«ስም?» አለችኝ። «ያልጋነሽ።» አፏ ላይ ተሰበረ፤
ሦስተኛው ላይ ደከማትና «ያኤል» ተብሎ ቀረ።
የመታወቂያዬ ቁጥር ግን ዘጠኙም አሃዝ አልሳተም፤
ከዚያ ወዲህ በቁጥር እገኛለሁ፣ በስሜ አልፈታም።

ለፋይዝ ደወልኩ። የእረፍቱ ሌሊት ነው፤ ቢሆንም ያነሳል።
ከበስተኋላው ጄኔሬተር ይንደቀደቃል።
«በቁጥር?» «ይመልሳል።» «በስምስ?» «ጭጭ።»
«እንግዲያው መንገዱ ደህና ነው፤ መንገዱን አትውቀሺ።
ማንን እንደሚጠይቁ እዪ» አለኝ፣ እያዛጋ።

የፋይዝ መንደር ስም አላት፣ ቅድመ አያቱ ያወጡላት፤
ካርታው ላይ ግን የለችም፣ ፖስተኛም አይሄድባት።
አንዴ ይህንኑ ስናወራ፣
«የእኔን ስም፣ ያንቺን አድራሻ
አንድ ላይ ብናስገባው» ብሎኝ ነበር፣
«አንድ ሙሉ መዝገብ ይወጣናል።»
ሳቅን። በጣም አልሳቅንም።

የመልስ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ማንም የማያነበውን፣ ሁሉም የሚታዘዘውን።
መስመር አርባ ሰባት ላይ አየሁት የስም ፈቺውን፦
መጨረሻው ሃምሳ ሦስት።
ያ ማሽን ከፋሲካ በፊት ተነቅሏል።
የነቀልኩትም እኔው ነኝ፤ በጋሪ ገፍቼ
ብረት ገዢው መኪና ላይ ያስጫንኩት፣ ፈርሜ፣ ሻይ ጠጥቼ።
መረቡማ ትክክለኛውን ሹክ ብሏቸው ነበር፤
ፋይሉ ነው «የተጻፈውን እመኑ» ያለ፣ ያ ግትር።
አርባ ልጆች ሌሊቱን ሙሉ የሞተ ሰው በር ሲያንኳኩ።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት።»
እሺ፤ ቤቱ ከተሳሳተስ? ጎረቤት ምን ይበል?

ሃምሳ ሦስትን አጥፍቼ ስልሳ አንድ ጻፍኩ።
መጀመሪያ አንዱን ብቻ፣ አሥራ ሰባተኛውን፣ ቀሰቀስኩ።
ጠየቀ።
ተመለሰለት።
መስመሮቹ ይወርዱ ጀመር እንደ ክረምት ጠፈጠፍ።
ከዚያ ሌሎቹ። ሠላሳ ስምንቱ ተነሱ። ሁለቱ አሁንም እንቅልፍ፤
ገመዳቸውን የሰካሁት በማይሰማው ጆሯቸው ነው።
አዎ፣ እሱም እኔ ነኝ።

ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ሳጥን አለ፦ «ጥገናውን ያከናወነው።»
እጄ ያኤልን ጀምሮ ነበር፤ ልማድ ነው።
አጠፋሁት።
ያልጋነሽ። በእኛ ፊደል አምስት፣ በእነሱ ስድስት ይፈጃል።
ሳጥኑ ቀላ፦
«በዚህ ስም የተመዘገበ ሠራተኛ የለም።»

ይሁን። ይህም መስመር አለው፣ የሆነ ፋይል ውስጥ፤
አንድ ሰው የጻፈው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ያላነበበው።
ነገ እፈልገዋለሁ።
አሁን የመጀመሪያው አውቶቡስ ሊመጣ ነው።